ዐሥር የሥራ ቀን

ሹፌሩ ቡሽራ የዞኑን ጤና ቢሮ የሰው ሀብት ክፍል በር ሲያንኳኳ ሳህሊቱ ህሩይ የሰዓት መፈረሚያውን መዝገብ በማስመሪያ እያሰመረች ነበር። ቀና ሳትል «ግባ» አለችው። ማን እንደሆነ ለማወቅ ማየት አያስፈልጋትም። በዚያ ቢሮ ውስጥ ሁለቴ ቀስ አድርጎ አንኳኩቶ፣ እስኪፈቀድለት ውጭ የሚቆም ሰው ቡሽራ ብቻ ነው። ሌላው ገፍቶ ነው የሚገባው።

ሳህሊቱ ጭሮ ተወልዳ ያደገች፣ አርባ አራት ዓመት የሞላት፣ ዐሥራ ዘጠኙን ዓመት እዚያው ወንበር ላይ ያሳለፈች ሴት ናት። በየወረዳው ያሉ የጤና ባለሙያዎች ዕረፍት ሲወጡ፣ ሲታመሙ፣ ሲወልዱ፣ ሐዘን ሲደርስባቸው የሚጻፍላቸው ደብዳቤ ሁሉ ግልባጩ ለእሷ ይመጣል። ማን ስንት ቀን እንደቀረው ማኅደር ሳትገልጥ በቃሏ ትናገራለች። የታመመ ሰው ሦስት ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሦስት ወር በግማሽ፣ ከዚያ ሁለት ወር ያለ ደመወዝ። ወላድ ከመውለዷ በፊት ሠላሳ፣ ከወለደች በኋላ ዘጠና ቀን። የወላድ ባል ዐሥር የሥራ ቀን። ደንቡን በማንም ላይ አክብዳ፣ ለማንም አላልታ አታውቅም። ሠራተኛው ፊት ለፊቷ «እትዬ ሳህሊቱ» ይላታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «ማኅተሟ»።

ቡሽራ ገብቶ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ተዝረክርኮ አይታው አታውቅም። ዛሬ ግን የሸሚዙ ቁልፎች ተዛንፈው ተቆልፈዋል፣ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ ዓይኑ ፍም መስሏል።

«እትዬ ሳህሊቱ፣ ፈቃድ ፈልጌ ነው።»

«የምን ፈቃድ?»

«ባለቤቴ ወልዳ።»

ማስመሪያውን አስቀመጠችና ሳቀች። «አንተ ደግሞ መቼ አገባህና! ማኅደርህ ላይ ያላገባ ነው የሚለው።»

«ዓመት ከሁለት ወር ሆነን» አለ ወለሉን እያየ።

«ጉድ! ድግሱን አስቀረህብን በለኛ። እንኳን ማርያም ማረችልህ።» ለማን እንደተናገረች ትዝ ሲላት ደግሞ «እንኳን በሰላም ተገላገለች ማለቴ ነው» ብላ አረመችው።

«አሚን። በሰላም እንኳ አይደለም እትዬ። ልጅቷ ያለ ጊዜዋ ነው የመጣችው፤ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ነች። እናትየዋ ቅዳሜ ራሷን ስታ ነው ገለምሶ ሐኪም ቤት የደረሰችው። በኦፕሬሽን አወጡላት። ትናንት ነው የነቃችው።»

«አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አለች ሳህሊቱ፣ ከልቧ አዝና። «ወረቀትህን አምጣ፤ አሁኑኑ እንጨርሰዋለን።»

ቡሽራ ሦስት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ የፈቃድ መጠየቂያ ፎርም፣ የሐኪም ቤቱን ማስረጃና የጋብቻ ምስክር ወረቀት። አስቀምጦ ግን እጁን አላነሳም። መዳፉ ወረቀቶቹ ላይ እንዳረፈ «እትዬ፣ ከማየትሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ ነበር» አለ። ግን ሳይነግራት እጁን አነሳ።

ሳህሊቱ የጋብቻውን ወረቀት አነሳች። ቀኑን አየች፤ ትክክል ነው። ማኅተሙን አየች፤ ትክክል ነው። የሚስትን ስም ለማንበብ መነጽሯን አስተካከለችና በቁቤ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ለቀመችው። የምሥራች ህሩይ። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ «ስም ይመሳሰላል» የሚል ነበር። የትውልድ ቦታ፦ ጭሮ። እሱም ይመሳሰላል። ከዚያ ዓይኗ ፎቶግራፉ ላይ አረፈ። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ጆሮ ላይ፣ ሳህሊቱ ለታናሽ እህቷ የምረቃ ቀን የገዛችላት ትንንሽ የወርቅ ጉትቻዎች አሉ።

ከግቢው ይሰማ የነበረው የጄኔሬተር ድምፅ የጠፋ መሰላት።

«ይቺ ማናት?»

ቡሽራ የተዛነፉትን የሸሚዙን ቁልፎች መነካካት ጀመረ።

«ቡሽራ! ይቺ ማናት እያልኩህ ነው።»

«የምሥራች ናት።»

«የእኔ የምሥራች?»

«አዎ እትዬ።»

የምሥራች ስድስት ዓመቷ እያለ ነው እናታቸው የሞተችው። ፀጉሯን እየሠራች፣ ደብተሯን እየሸፈነች፣ ስታድግም ለነርስነት እያስተማረች ያሳደገቻት ሳህሊቱ ናት። የራሷን ትዳር ሳታስብበት ጊዜው ያለፈውም በዚሁ መሀል ነው። እህቷ ተመርቃ ከመቻራ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ስትመደብ አለቀሰች፤ ግን ኮራች። በየእሑዱ ስልክ ይደዋወላሉ። የምሥራች ከክረምቱ ወዲህ ጭሮ አልመጣችም፤ ለገና እንኳ «ተረኛ ነኝ» ብላ ቀርታለች። ትናንት ሳህሊቱ አራት ጊዜ ደውላ የሚያነሳ ስታጣ «ኔትዎርክ ነው» ብላ ትታዋለች።

ለካ ትናንት እህቷ ከሞት አፋፍ ላይ ሆና ስልኳ ባዶ ክፍል ውስጥ ይጮህ ነበር።

ሳህሊቱ ይህን አሁን አላሰበችም። አሁን ያየችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፊቷ የቆመውን ሰው። ስንት ጊዜ በመኪና ይዟት ሄዷል! ስንት ጊዜ ለክትትል መቻራ ወዳለችበት ወደ ዳሮ ለቡ ሲወጣ ሽሮውንና በርበሬውን በካርቶን አሽጋ «አደራህን፣ ለእህቴ አድርስልኝ» ብላዋለች! «አደርሳለሁ እትዬ» ይላት ነበር። መጀመሪያ የላከችው ራሷ ናት። የእህቷን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ የሰጠችው ራሷ ናት።

«ይህ ፎርም አልተሟላም» አለች። ድምፁ ከራሷ አፍ የወጣ አልመሰላትም።

«ምን ጎደለው?»

«ማኅደርህ ላይ ያላገባ ነህ። መጀመሪያ የቤተሰብ ሁኔታ ለውጥ መሞላት አለበት። ነገ ና።»

የተባለው ቅጽ አንድ ገጽ ነው፤ መሳቢያዋ ውስጥ አለ፤ ለመሙላት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቡሽራም ይህን ያውቃል።

«እትዬ፣ ዛሬ ነው መመለስ ያለብኝ። ሕፃኗ ማሞቂያ ውስጥ አይደለችም፤ ሰው ደረት ላይ ነው የምትውል የምታድረው። እናትየዋ ልትይዛት አቅም የላትም። አሁን የያዘቻት እናቴ ናት፣ እሷም አርጅታለች።»

«ያለ ፈቃድ ከሄድክ ከሥራ እንደቀረህ ነው የሚቆጠረው።»

«እህትሽ ናት እኮ እትዬ ሳህሊቱ።»

«ውጣ!»

ቡሽራ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መዝገቡ ላይ በቀስታ አስቀመጠና ወጣ። ወረቀቶቹን አልወሰደም። ሳህሊቱ ሦስቱንም ሰብስባ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት።

በማግስቱ ጠዋት የቢሮው ኃላፊ አቶ አብዱናስር በሩን ገፍተው ገቡ። ለክትባት ሥራ ወደ መሰላ የሚሄዱት ባለሙያዎች ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ መኪናው አለ፤ ሹፌሩ ግን የለም።

«ቡሽራ የት ገባ?»

«አልፈረመም» አለች ሳህሊቱ።

«ፈቃድ ጠይቆ ነበር እንዴ?»

ሳህሊቱ አፏን ከፈተች። እውነቱ ክንዷ ሥር፣ የተቆለፈው መሳቢያ ውስጥ ነው። «አልጠየቀም» አለች።

አቶ አብዱናስር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከእሱ አልጠብቅም ነበር። እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ጻፊለት፤ እፈርማለሁ።» ወጡ።

ሳህሊቱ የተናገረችውን ቃል መልሳ ሰማችው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰው ሲዋሽ ስትይዝ ኖራለች፤ ራሷ ግን አንድ ቀን ዋሽታ አታውቅም። የዋሸችውም ሌላ ነገር ላይ አይደለም፤ የአንዲት አራስ ባል በደንቡ የሚገባውን ዕረፍት በጠየቀበት ፎርም ላይ ነው።

የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ መጀመር ግን አልሆነላትም፤ መሳቢያውን ከፍታ የሐኪም ቤቱን ማስረጃ አወጣች። ትናንት ከፎቶግራፉ በኋላ ምንም አላነበበችም ነበር። አሁን አነበበች። የእናት ሙያ፦ ነርስ። የመጣችበት ሁኔታ፦ ከሥራ ቦታ፣ በከፍተኛ የደም ግፊት ተንፈራፍራ፣ ራሷን ስታ። ከዚያ በታች፣ በሌላ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ግፊቷ ከፍ ስላለ ሥራ አቁማ እንድታርፍ ታዝዞላት ነበር ይላል።

ሳህሊቱ መስመሩን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሐኪም ለነፍሰ ጡር ዕረፍት ካዘዘ ደመወዟ ሳይነካ ታርፋለች፤ ይህን ሳህሊቱ ብቻ ሳትሆን የጽዳት ሠራተኛዋም ታውቀዋለች። ወረቀቱን ለጤና ጣቢያው መስጠት ብቻ ነው። ታዲያ ይህች ልጅ ሥራ ቦታ ምን ትሠራ ነበር? የግልባጮቹን ክላሰር አውርዳ አገላበጠች። ከመቻራ በኩል በዚያ ወር የመጣ የሕመም ፈቃድ የለም። የወሊድም የለም። የእህቷ ስም የትም የለም።

ተነሳች። ሦስቱን ወረቀቶች ይዛ ኮሪደሩን አቋርጣ አቶ አብዱናስር ፊት አስቀመጠቻቸው።

«ዋሽቼዎታለሁ» አለች። «ሰውየው ትናንት ጠይቋል። ወረቀቱ የተሟላ ነው። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ወረቀቱን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያዩት። «አንቺ? ሳህሊቱ?»

«ሚስቱ እህቴ ናት። እኔም ትናንት ነው የሰማሁት። የዘመድ ጉዳይ ስለሆነ እኔ ልሠራው አይገባም፤ እርስዎ ይዩት። ለእኔ የሚገባኝን ማስጠንቀቂያም ይጻፉ።»

አቶ አብዱናስር ፎርሙን አንብበው ዐሥሩን የሥራ ቀን ከሰኞ ጀምረው ቆጠሩለትና ፈረሙ። እስክሪብቷቸውን ሳይከድኑ «ለአንቺስ ምን ልስጥሽ?» አሏት።

«ለእህት የሚሰጥ ፈቃድ ደንቡ ላይ የለም። ከዓመት ዕረፍቴ ይቀነስልኝ።»

«ዕረፍት ወጥተሽ ታውቂያለሽ እንዴ?»

«አላውቅም» አለች።

ቤት አልሄደችም። ከመናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈረች። መኪናው በዴሳን አልፎ ገለምሶ እስኪደርስ ድረስ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ሁለት ጊዜ «ታመሻል እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሐኪም ቤቱ ስትደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ በር ላይ ረዲያ የምትባል ወፍራም፣ ፈጣን ነርስ አስቆመቻት።

«የማን ቤተሰብ ነሽ?»

«የየምሥራች። እህቷ ነኝ።»

«እህት አላት እንዴ? ከመጣች ጀምሮ ከባሏና ከአማቷ በቀር ሰው አላየንም።» ረዲያ ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም፤ ጋውን እያቀበለቻት እንዲሁ ያየችውን ነው የተናገረችው። «እጅሽን ታጠቢና ግቢ። ልጅቷ አባቷ ጋ ናት።»

ቡሽራ ጥጉ ላይ ካለ ወንበር ላይ ደረቱን ገልጦ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ በነጠላ የታሰረ ነገር አለ። ሳህሊቱ ቀርባ ስታይ ከነጠላው ጫፍ የወጣው ራስ ከእሷ ጡጫ አይበልጥም። ቆዳው ቀይና የተጨማደደ ነው። ሳህሊቱ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ የወሊድ ደብዳቤ እንዳሳለፈች አታውቅም፤ ከአንዱም ጀርባ ያለውን እንዲህ አጠገቡ ቆማ አይታ አታውቅም።

ቡሽራ ልነሳ ሲል ነጠላው ከለከለው። «እትዬ» አለ በሹክሹክታ፣ እንደ ሁልጊዜው።

«ፈቃድህ ተፈርሟል» አለችው። «ከሰኞ ጀምሮ ነው የተቆጠረልህ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ሕፃኗን በመዳፉ ሸፈናት። ከአጠገቡ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው የተቀመጡት እናቱ፣ እማማ ኢንሳፍ፣ ሳህሊቱን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ማን እንደሆነች ገብቷቸዋል። «አካም ኦልቴ» ብለው እንዴት እንደዋለች ጠየቋት፣ ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፦ «መጣሽ። ጥሩ ነው። እሷ ወዲያ ናት፤ ሂጂ።»

የምሥራች እናቶች ክፍል ውስጥ የመጨረሻው አልጋ ላይ ነበረች። ሳህሊቱ አላወቀቻትም። አልጋውን አልፋ ሄዳ ነበር። ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ጠብበዋል፤ እጇ ላይ ግሉኮስ ተተክሏል፤ ከብርድ ልብሱ የወጡት እግሮቿ እንደ ተነፋ ጎማ ተወጥረዋል። ያወቀቻት በጉትቻዎቹ ነው።

«የምሥራቼ!»

እህቷ ዓይኗን ገልጣ አየቻት። ሳህሊቱ እንባ ጠብቃ ነበር፤ ወይም ይቅርታ። የምሥራች ፊት ላይ የነበረው ግን ፍርሃት ነው። ልጅ ሆና ሰሃን ስትሰብር የምታሳየው ዓይነት ፍርሃት።

«ማን ነገረሽ?»

«ባልሽ። ፈቃድ ሊጠይቅ መጥቶ።»

«አትሂድ ብዬው ነበር» አለች የምሥራች። «ፎርሙን ስታይ ታውቃለች፣ ይቅር ብዬው ነበር።»

ሳህሊቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ጥያቄ ነበራት፤ ለምን ደበቅሽኝ፣ ለምን ሙስሊም፣ ለምን ሹፌር፣ አባታችንን ምን ልበላቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉንም በተራ አዘጋጅታቸው ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሐኪም ዕረፍት አዞልሽ ነበር። ለምን አላረፍሽም? ደመወዝሽ አይነካ! ወረቀቱን ለኃላፊሽ መስጠት ብቻ ነበር እኮ።»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው።»

«ለምን?»

የምሥራች ወደ ግድግዳው ዞረች። ስትናገር ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «ብሰጠው ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው ሲጻፍ ግልባጩ ለማን ነው የሚመጣው እታለም?»

ሳህሊቱ ብርድ ልብሱን በእህቷ እግሮች ላይ ሳበችላት።

«ሰባት ወር ሙሉ ቆጥሬዋለሁ። የወሊድ ፈቃዱንም ልጠይቅ አልነበረም። በዓመት ዕረፍት አድርጌ፣ ወሊድ መሆኑ የማይታወቅ ምክንያት ፈልጌ፣ ወልጄ ከተነሳሁ በኋላ ራሴ መጥቼ ልነግርሽ ነበር። ግፊቱ ሲጨምር አውቃለሁ፤ ነርስ አይደለሁም እንዴ? በየጠዋቱ ራሴን እለካ ነበር። ኃላፊዬም ሂጂ ይለኛል፤ ትንሽ ቀን ብቻ እለዋለሁ። ቅዳሜ የአንዲት ሴትዮ ልጅ እየከተብኩ ዓይኔ ጨለመ። ከዚያ በኋላ አላውቅም።»

«እኔን ፈርተሽ?» አለች ሳህሊቱ። «እኔ ልጎዳሽ ነበር? ብናደድስ፣ ባለቅስስ፣ እኔ ነኝ እኮ ያሳደግኩሽ!»

«የሀኒፋን ነገር ታስታውሻለሽ?»

«የቷ ሀኒፋ?»

«የመሰላዋ አዋላጅ። አታስታውሽም። ከሦስት ዓመት በፊት የወሊድ ፈቃዷ ግልባጭ ደርሶሽ፣ ማታ እራት ላይ ለአባዬ ነገርሻቸው። ባል የላት፣ የጋብቻ ወረቀት የላት፣ ከየት አመጣችው ብለሽ ስቀሽ። ጎረቤታችን እማማ የተዋቡም ተቀምጠው ነበር። በሳምንቱ ከተማው ሁሉ አወራው። ሀኒፋ አብራኝ ነው የተማረችው። ልጇን አዝላ ዝውውር ጠይቃ ከአገር ወጣች። ማን እንዳወራባት እስከ ዛሬ አታውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ።»

ሳህሊቱ ለመካድ አሰበች። ከዚያ የዚያ ምሽት ሳቅ፣ የእማማ የተዋቡ «ውይ በሞትኩት» ማለት፣ የራሷ ድምፅ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ መጣባት። አልረሳችውም ነበር፤ አስታውሳው አታውቅም ነበር እንጂ። ደንቡን ለማንም ጠምዝዛ የማታውቅ ሴት! አንድም ማኅደር ጠፍቶባት የማያውቅ ሴት! የሰው ገመና ግን ከማኅደሩ አውጥታ ገበታ ላይ ስትዘረግፍ ኖራለች፤ ያን የሚከለክል አንቀጽ ያለ እንኳ አልመሰላትም።

ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፋት ይህ ነው፦ ያሳደገቻት ልጅ ጠረጴዛዋን ከሞት ይበልጥ ፈርታለች።

ሐኪሙ ለጉብኝት ሲመጣ ሳህሊቱ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ማልቀስ ፈልጋ አልመጣላትም። እዚያው በቆመችበት፣ የሚያልፉት ሰዎች ትከሻዋን እየገጩአት፣ ሰዓት አለፈ።

የምሥራች ለሦስት ቀን አላናገረቻትም። ውሃ ስታቀብላት ትጠጣለች፤ ስታጥባት ትታጠባለች፤ ቃል ግን የለም። ሳህሊቱም አልጠየቀቻትም። ሌሊቱን ከእማማ ኢንሳፍ ጋር ምንጣፉ ላይ ታድራለች፤ ቀን ቀን ለቡሽራ ምግብ ታመላልሳለች። ዓርብ ዕለት የምሥራች ድንገት «ጡቴን ማለብ አለብኝ፤ ያዢልኝ» ብላ ኩባያ ሰጠቻት። ከዚያ ቀስ በቀስ ስለ ወተቱ፣ ስለ ግፊቱ፣ ስለ ሕፃኗ ኪሎ ያወሩ ጀመር። ስለሌላው አላወሩም።

ቅዳሜ ሳህሊቱ ልብስ ለመያዝ ጭሮ ተመለሰች። አባቷ መሪጌታ ህሩይ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ለአምስት ቀን በስልክ የነገረቻቸው «የመስክ ሥራ ነው» ብላ ነበር። አሁን ቆማ፣ ሳታስጌጥ፣ ሳትቀንስ ነገረቻቸው። እሳቸው ጭራቸውን ጭናቸው ላይ እንዳጋደሙ ሰሟት።

«ባሏ ማን ነው?» አሉ ስትጨርስ።

«ቡሽራ ይባላል። የእኛ ቢሮ ሹፌር ነው።»

«ያ ባለፈው ዓመት ለዓይኔ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ልጅ?»

«እሱ ነው አባዬ።»

የመሪጌታ ህሩይ ፊት ሲገረጣ አየች። ልጁ ያን ቀን ደግፎ ከመኪና ሲያወርዳቸው አምስት ጊዜ ነበር የመረቁት፤ «ልጅ ይስጥህ፣ ዘርህን ይባርክልህ» ብለው። ይህንን ሁለቱም አልተናገሩትም። ሽማግሌው ተነሱ፣ ቤት ገቡ፣ የመኝታ ክፍላቸውን በር ዘጉ። ሳህሊቱ እስክትሄድ አልከፈቱትም። «ደህና ናት ወይ?» ብለው እንኳ አልጠየቁም።

የቡሽራ ዐሥር የሥራ ቀን አለቀ። ሕፃኗ ግን ገና አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ሃምሳ ነበረች፤ ረዲያ «ሁለት ኪሎ ሳትጠጋ ከደረት አትወርድም» አለች። ቡሽራ እሑድ ከሰዓት የመጨረሻዋን ሰዓት ይዟት ቆየና ተነስቶ ነጠላውን ፈታ። የምሥራች በዚያ ጊዜ ቀና ብላ ትቀመጥ ነበር፤ ግፊቷ ግን አሁንም እየወጣ እየወረደ ስለነበር ከሁለት ሰዓት በላይ እንድትይዛት አልተፈቀደላትም።

«ለእኔ ስጠኝ» አለች ሳህሊቱ።

ረዲያ የሸሚዟን ቁልፍ ፈታችላት። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስቀመጠችላት። ክብደት አልነበራትም፤ ሙቀት ብቻ ነበረች። ከሥሩ፣ ከራሷ ልብ በላይ የሚሮጥ ትንሽ ልብ ይመታል። ሳህሊቱ ወልዳ አታውቅም። ሕፃን ሰውነቷ ላይ ለጥፋ አታውቅም። ሳትንቀሳቀስ እንባዋ ፈሰሰ፤ እማማ ኢንሳፍ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉላትና «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመሰገኗት።

ከዓመት ዕረፍቷ ሃያ ቀን በዚያ ወንበር ላይ አለቀ። ሕፃኗን ሳብሪና አሏት። ሁለት ኪሎ ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት እናትና ልጅ አብረው ወጡ፤ የሄዱት ግን ጭሮ ሳይሆን እዚያው ገለምሶ፣ እማማ ኢንሳፍ ቤት ነው። ሳህሊቱ «ቤታችሁ አለ እኮ» ብላ ነበር። የምሥራች «አውቃለሁ እታለም» አለቻት። ከወለደችበት ቀን ጀምሮ የተቆጠረላት ዘጠና ቀን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ሳህሊቱ ሥራ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት የቢሮዋን በር ዘግታ፣ መሰላ ከነበሩ ሠራተኞች ሀኒፋ የተዛወረችበትን ጠይቃ ስልኳን አገኘች። ደወለችላት። ማን እንደሆነችና ምን እንዳደረገች ነገረቻት። ሀኒፋ እስከ መጨረሻው ሰምታት ስልኩን ዘጋችው። መልሳም አልደወለች። ሳህሊቱ ሌላ አልጠበቀችም።

አባቷ ለአንድ ወር ያህል ምሳቸውን ዝም ብለው በሉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሳህሊቱ ዕቃ እያጣጠበች ሳለ፣ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ።

«ገለምሶ በመኪና አሁን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሏት።

መሪጌታ ህሩይ በወጣትነታቸው ገለምሶ ሦስት ዓመት አገልግለዋል፤ መንገዱን ከማንም በላይ ያውቁታል። ሳህሊቱ ግን እጇን በመቀነቷ አደረቀችና «ሁለት ሰዓት አይሞላም አባዬ። የጠዋቱ ሚኒባስ ይሻላል፤ ፀሐይ አይመታዎትም» ብላ መለሰችላቸው።